በአንገቱ የማይያዘው

ሰሊጥ የሚራገፍበት ወራት ሲደርስ ሰው ሁሉ ፊቱ ይፈካል፤ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶ ነዶ ሆኖ ከታሰረ በኋላ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ሂላ እንለዋለን። ፍሬው ደርቆ አፉን እስኪከፍት ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። ከሥሩ ግን ጥላ ነው፤ አፈሩም ቀዝቃዛ ነው። አይጥ ፍሬውን ፍለጋ ይገባል፤ አይጥ የሚበላውም አይጡን ተከትሎ ይገባል። ከዚያ እኛ እንመጣና ያንን ነዶ እንደ ሕፃን አቅፈን እናነሣዋለን። እስኪ አስቡት፤ ደረታችሁ ላይ የታቀፋችሁት ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቁ ወደ ሸራው ትሄዳላችሁ፣ ትዘቀዝቁታላችሁ፣ በዱላ ትመቱታላችሁ።

ወንዶቹ ይስቁብኛል። «እሷ እኮ ነዶውን ከማንሣቷ በፊት እጅ ትነሣዋለች» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከመንካቴ በፊት በበትር ኳ ኳ አደርገዋለሁ። «ማነህ? ካለህ ውጣ፤ ልጅ አለችኝ» እላለሁ። ይሣቁ። እኔ የምፈራውን አውቃለሁ።

ከመተማ በኩል ነው የመጣነው። ባሌ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚሻገር ሳሉግ ነበረ፤ ለወቅት ሥራ የሚመጣውን ሰው እንዲያ ነው የሚሉት። ኋላ እኔንም ይዞኝ መጣና ገዳሪፍ ዳር ላይ ጭቃ ቤት ተከራይተን ቀረን። ልጃችን የተሻገረችው ጀርባዬ ላይ ታዝላ ነው። እሱ ሲሞት እኔና እሷ፣ ዋርሳዬም፣ ማለት የባሌ ታላቅ ወንድም፣ እዚያው ሆነን ቀረን። እኔ አያ እለዋለሁ። እንደ አባት ነው ያሳደጋት፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ልጄ ከእኛ ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ ከደጅ ዓረቢኛ ትናገራለች፤ ስትናደድ ሁለቱን ትደባልቃለች። ትምህርቷን በዓረቢኛ እየገፋች ነበር። ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲነሣ ትምህርቱ ቆመ፤ የተፈናቀለው ሰው እስከነልጆቹ መጥቶ የመማሪያውን ክፍል ሞላው። እሷም «ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ልቁጠር እንዴ?» አለችና ያን ዓመት ከእኛ ጋር በትራክተር ተሳፍራ ወደ እርሻው ወጣች። እኔ አልፈለግሁም። አንዲት ናት። አሥር ቢሆኑም አልፈልግም ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማወቅ የእኛን ሰው ሥርዓት ማወቅ አለባችሁ። የእኛ ሰው ቆላ ቢወርድም የደጋውን የአውድማ ሥርዓት ጥሎት አልወረደም። ሸራው ተዘርግቶ የመጀመሪያው ነዶ ሲራገፍ ያ ሸራ አውድማ ይሆናል። በጫማ አይረገጥም። ክፉ ቃል አይነገርበትም። ከሁሉ በላይ ደም አይፈስበትም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። አውሬውም በስሙ አይጠራም፤ «ረጅሙ» ነው የሚባለው። ረጅሙ ከነዶ ሥር ከወጣ፣ ሸራው አጠገብ አይገደልም። እጁ የጸና ሰው በበትር ይጫነውና ከራሱ ወደ ኋላ አንገቱን ቆንጥጦ ይይዘዋል፤ ከማሳው ዳር ወስዶ ይለቀዋል። ሱዳኖቹ ይህን ሲያዩ በሳቅ ይሞታሉ። «እናንተ ሐበሾች፣ ደግሞ ምሳ ጋብዙት እንጂ!» ይላሉ። እንደነሱ ቢሆን በአካፋ ብሎ መሄድ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራው አያ ነበር። ከቀሚስ ላይ ክር እንደሚያነሣ ሰው ነው የሚያነሣው። እፉኝቱንም፣ ሌላውንም፣ ስንቱን ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጁ ላይ አንድ ጭረት የለም። ያን ዓመት ልጄ «አሳየኝ» አለችው። አሳያት። እኔ ድስቴን ትቼ ሮጥኩ።

«ዋ! አያ፣ ልጄን እንዲህ ያለ ነገር እንዳታስለምድብኝ!»

«ተይ እንጂ እታለም፣ የሚነከስ የማያውቅ ሰው ነው። አንገቱን ከያዘችው በምን ይነክሳታል? አፉ ያለው ወደ ፊት ነው።»

«እማ ደሞ ጥላዋንም ትፈራለች» አለችና ሳቀች።

ጥላዬን አልፈራም። ወደ ድስቴ ተመለስኩ።

ያ ነገር የሆነው በማለዳ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። በዋዜማው ጊዜውን የሳተ ዝናብ ጣል አድርጎ መሬቱ ለስልሷል። አያ ጆንያ ተሸክሞ ወዲያ እየሄደ ነበር። ልጄ ነዶውን ስታነሣ ከሥሩ ወጣ። ትንሽ ነው። ጣት ያህላል። ዘይት የተቀባ ይመስል ጥቁሩ ያብለጨልጫል፤ ራሱና አንገቱ አይለይም፤ ዓይኑ አለ ከተባለ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ ያየሁት ነው፤ ቀርቤማ አላይም።

አንዱ ሠራተኛ «ኤዲያ፣ ይሄማ ዕውሩ ነው፤ ምንም አይል» አለ። አፈር ውስጥ የሚኖር፣ ትል የሚመስል፣ ሕፃን የሚጫወትበት ዕውር እባብ አለ፤ እሱ መስሎት ነው። ልጄ በትሩን ጫን አድርጋ፣ እንደተማረችው አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጣ አነሣችው። በደንብ ነው የያዘችው። ወደኔ ዞራ «እዪ እማ!» አለች።

አየሁ። አንገቱን ወደ ጎን አጠፍ አደረገ፤ ያን ብቻ ነው ያደረገው። አፉ አልተከፈተም። እምላለሁ፣ አፉ አልተከፈተም። እሷ ግን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችና ወረወረችው።

«ወጋኝ» አለች። ነከሰኝ አላለችም።

አያ ጆንያውን ጥሎ መጣ። እጇን አገላብጦ አየ። ሌባ ጣቷ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አለች፤ ደም እንኳ በወጉ አልወጣትም።

«እሾህ ነው» አለ። «አንገቱን ይዘሽው ነበር፤ እኔ አይቻለሁ። ሊነክስሽ አይችልም።»

«አጎቴ፣ እሾህ አይደለም።»

«እሾህ ነው አልኩሽ!»

ይህን እየተባባሉ ፊቷ አመድ መሰለ። ላብ በላብ ሆነች። ጎንበስ አለችና አስታወከች። አያ ያን ጊዜ ነው እሾህ ማለቱን የተወው። አንዱ ምላጭ ይፈልጋል፤ ሌላው መርዝ የሚመጥ ጥቁር ድንጋይ ይለጠፍባት ይላል፤ ልጄ እጇን እደረቷ አድርጋ «ላ! ላ! ማንም እንዳይነካኝ!» ትላለች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ነጠላዬ መሬት ላይ ወድቆ ሰው ሲረግጠው ትዝ ይለኛል።

አያ አውሬውን አልገደለውም። ሸራው አጠገብ ነን፤ ያን ጊዜ እንኳ ሥርዓቱን አልረሳም። አፉ የተቆረጠ የውኃ መቅጃ ጀርካን ነበረን፤ በበትር እየገፋ እሱ ውስጥ ከተተውና በጆንያ ቁራጭ ከድኖ አሰረው። «ሐኪሞቹ ዓይተው ይንገሩን» አለ።

እስከ አስፋልቱ በትራክተር፣ ከአስፋልቱ ወዲህ በረክሻ ሄድን። ረክሻ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሦስት እግር ያላት ጠባብ ናት። ልጄ እኔ ላይ ተደግፋለች፤ አያ ከጎናችን፤ ጀርካኑ በእግሮቹ መሀል። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ከጀርካኑ ውስጥ ጭር፣ ጭር የሚል ነገር ይሰማኛል፤ ፕላስቲኩን ይቧጥጠዋል። ያ ጆንያ ቢፈታስ? በዚህ ጠባብ ቦታ ቢወጣስ? እግሬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ልጄ እየሞተችብኝ ለእግሬ እፈራለሁ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ተራ አይጠብቅም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይገባል። እጇ ከጣቷ አልፎ እስከ አንጓዋ አብጧል።

«እማ፣ እጄን አትዪ፤ መንገዱን እዪ» አለችኝ።

ሹፌሩ ዞሮ በዓረቢኛ «ጀርካኑ ውስጥ ምንድን ነው?» አለ። ልጄ «ውኃ» አለችው። እግዜር ይስጣት፤ ቢያውቅ ኖሮ እዚያው አውርዶን ይሄድ ነበር።

ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ሰው ጢም ብሏል። ወረፋው እስከ ውጭው ዛፍ ድረስ ነው። ዘበኛው የጀርካኑን ክዳን ገለጥ አድርጎ አየና ወደ ኋላ ዘለለ፤ «ዳቢብ!» ብሎ ጮኸ፤ እባብ ማለቱ ነው። ሰዉ እንደ በር ተከፈተልን። በዚያ አገር ስኖር ያለ ወረፋ ስገባ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ዶክቶራዋ ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ ድካም ያረፈባት፣ ድምፅዋ ግን ቀስ ያለ። «ያ ኻልቲ፣ አይዞሽ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ልጄን አስተኝተው ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጠፉባት። የልቧን አመታት ወረቀት ላይ የሚስል ማሽን ነው አሉኝ። እጇን ነው የተወጋችው፣ ልቧን ምን አደረገው? ማንን ልጠይቅ? የኔ ዓረቢኛ የገበያ ነው። ሽንኩርት እገዛበታለሁ፣ ሰው ሰላም እልበታለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። የሚያስተረጉምልኝ ሰው ቢኖር እሷው ናት፤ የተኛችው።

ዶክቶራዋ ረጅም ነገር ተናገረች። ልጄ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ምን አለች?»

«ያልፋል አለች።»

«ይህን ሁሉ ተናግራ ያልፋል ብቻ?»

«ያልፋል አለች፣ እማ።»

በመሀል ግን ሰምቻለሁ። «ዳዋ ማፊ» ብላለች። ዳዋ መድኃኒት መሆኑን ማን ያጣዋል? ማፊንም አውቃለሁ፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ባለሱቁ ሁሉ የሚለው እሱን ነው፤ ስኳር ማፊ፣ ዱቄት ማፊ። የለም ማለት ነው።

«ማፊ ያለችው ምኑን ነው?»

«ማፊ ሙሽኪላ፤ ችግር የለም አለች።»

ዓይኗን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዶክቶራዋ ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ እጄን ይዛ ወደ ጓዳው ወሰደችኝ። አልሄድም ብዬ ነበር፤ ጀርካኑ ያለው እዚያ ነውና። መካከሉ በሩ ክፍት ስለሆነ ልጄ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። ረዳቱ አውሬውን በረጅም መቆንጠጫ አውጥቶ ጥልቅ ሳፋ ውስጥ አደረገው። አልሸሸም። አንገቱን እንደ ቀስት አጎበጠና አፍንጫውን ወደ ታች ተከለው፤ ብረቱን አፈር መስሎት ሊገባበት ይገፋል። ዶክቶራዋ በመቆንጠጫው ጫፍ ጉንጩን ነካ አደረገችው። አፉ ተዘግቶ ሳለ፣ ከከንፈሩ ጎን ጥርስ ወጣ። ከጨርቅ ውስጥ እንደሚወጣ መርፌ። ረጅም ነው፤ ለዚያ ለትንሽ ራስ አይገባም። ወደ ኋላና ወደ ታች ወጋ፤ በትክክል የሰው ጣት በሚሆንበት ቦታ። ጮህኩ። በሩን ይዤ ነው የቆምኩት።

ከዚያ ቀስ እያለች አስረዳችኝ፤ ያልገባኝን ልጄ ከአልጋዋ እየሞላች። ዕውሩ አይደለም አለች። እፉኝትም አይደለም። ቀድሞ ስለ አውሬ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ረጅም ጥርሱን አይተው ከእፉኝት ወገን ቆጠሩት። ኋላ የራስ ቅሉንና ውስጡን ሲመረምሩ ከእፉኝት ጋር አይገናኝም ብለው አወጡት፤ ከብዙዎቹ ተራ እባቦች ጋር ደባለቁት። እዚያም አልሆነም። ከአፍሪካ እባቦች ትልቅ ቤተሰብ ሥር እንደ አንድ ቅርንጫፍ አስገቡት፤ ደግሞ አወጡት። አሁን የራሱ ቤተሰብ ሆኖ ተቆጥሯል፤ የቅርብ ዘመዶቹ አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ መቶ እግር የሚበሉ ትንንሾች ናቸው። አገሩ አፍሪካ ነው፤ ጥቂቱ ብቻ ከቀይ ባሕር ማዶ ይገኛል።

ልጄ ይህን ስትተረጉም ቆም አለችና «እንደኛ ነዋ! ከቢሮ ቢሮ ሲያመላልሱት ኖረዋል» አለች። ለዶክቶራዋም በዓረቢኛ ደገመችላት፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ያ ሁሉ ዝምድና ለምን እንደሚቆጠር አልገባኝም። ልጄ ተኝታለች፤ የእባብ ዘር ቆጠራ ለኔ ምን ይረባኛል? አልኩ በሆዴ።

የገባኝ አያ ሲመለስ ነው። እኛ እዚያ ሳለን እሱ ወጥቶ የእርሻው ወኪል ዘንድ ሮጧል፤ ወኪሉ ለሠራተኛ የሚሆን የእባብ መድኃኒት በፍሪጅ እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። ለምኖ፣ አልቅሶ፣ ብልቃጧን በበረዶ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ነጭ ላብ አልቦታል።

«ይኸው! ውጓት!»

ዶክቶራዋ ብልቃጡን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ይህ ለእፉኝት የተሠራ ነው አለች፤ ከእፉኝት መርዝ ነው የሚያዘጋጁት፤ የዚህን መርዝ አያውቀውም። ለዚህኛው ቤተሰብ የተሠራ መድኃኒት የለም። ያለውን ብንሰጣት ደግሞ አንዳንድ ሰው ገላው ይቆጣበታል፣ ትንፋሹ ይዘጋል፤ በዚህ ልብ ላይ ያን መጨመር አልፈልግም አለች። ልጄ ይህንንም ተረጎመችው። ሌላ መላ አልነበራትም፤ አያ አፍጥጦባታል።

«መርፌ በእጃችን እያለ ልጅቱ ትሙት?» አለ አያ። «እታለም፣ ንገሪያት! እናቷ አንቺ ነሽ። አንቺ ውጉ ካልሽ ይወጓታል።»

ዶክቶራዋም ወደኔ ዞረች። ረዳቱም። ልጄም አየችኝ። እኔ ፊደል በወጉ ያልጨረስኩ ሴት ነኝ። መድኃኒት እያለ መድኃኒት ይቅር የምትል እናት ምን ዓይነት እናት ናት? ብትሞትብኝ ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን «ብልቃጧ እጄ ላይ ነበረች» ይለኛል። ብትወጋና ብትሞትብኝስ? ያየሁት ግን ከዓይኔ አልወጣም፤ ያ ከተዘጋ አፍ የሚወጣ ጥርስ።

«አያ» አልኩት፣ «አንገቱን መያዝ ለሌላው ሁሉ ሠርቶልሃል?»

«ሠርቶልኛል።»

«ለዚህስ?»

ብልቃጧን አየ።

«መርፌውም እንደዚያው የሌሎቹ ነው። አይወጓት።»

አያ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ በኩታው አፉን ሸፈነ። ብልቃጧ እጁ ላይ ስትሞቅ፣ የበረዶው ውኃ በክርኑ ሲንጠባጠብ አየሁ። እኔ ጎበዝ ሆኜ አይደለም የተናገርኩት። ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ልጄ ባስታወከች ቁጥር «ገደልኳት» እላለሁ፤ ማሽኑ ጢጥ ባለ ቁጥር «አለች» እላለሁ። ዶክቶራዋ እየተመላለሰች ወረቀቱን ትመለከታለች፤ መርዙ የልብን ሥር ይጨብጣል፣ ክፉው የመጀመሪያው ቀን ነው ብላኛለች። በሆዴ ለእመቤቴ ተሳልሁ። የተሳልሁትን ለማንም አልነግርም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶክቶራዋ ወረቀቱን በብርሃን ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ልቧ ተስተካክሏል ማለቷ ነው። አያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ አላመንኳትማ። «ያለችው ይህን ብቻ ነው?» ብዬ ልጄን ጠየቅኋት። «ይህን ብቻ ነው» አለችኝ። ቀድሞም እንዲሁ ብላኝ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቴ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ደግሞም እስኪነጋ ድረስ፣ ከነጋም በኋላ፣ ደረቷ ላይ እጄን አሳርፌ ከረምኩ።

የእጇ እብጠት እየጎደለ መጣ፤ የሌባ ጣቷ ጫፍ ግን ጠቆረ። ከሰል መሰለ። አንድ ቀን ጧት ዶክቶራዋ መጥታ ጣቷን በመርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረገች «ይሰማሻል?» አለቻትና እንደ ልማዷ ረጅም ነገር ተናገረች። እኔ የልጄን አፍ አያለሁ።

ልጄ ወደኔ ዞረች። ዓይኗን አላሸሸችም።

«እማ፣ የጣቴ ጫፍ ሞቷል አለች። ይቆረጣል። ካልተቆረጠ ሽቅብ ይወጣል። ማደንዘዣው ሲለቀኝ በጣም ያመኛል አለች። የቀረውም እንደ ድሮው አይታጠፍም አለች።»

አንዲት ቃል አላስቀረችም። አየኋት። ፊቷ ተቆጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ ክፉውን ወሬ ግን እንዳለ አስቀመጠችልኝ።

«ያኔ ዳዋ ማፊ ስትል ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«ያኔማ የምሞት መስሎኝ ነበራ! ምን ልበልሽ?»

ያን ጊዜ ነው የዳነችልኝ። ወረቀቱም፣ ማሽኑም፣ አልሐምዱሊላሁም ያላሳመነኝን ያ ቁጣዋ አሳመነኝ። እንባዬ ያለ ድምፅ ወረደ። የምትቆረጠው የልጄ ጣት ናት፣ የሌላ ሰው አይደለችም። ግን ተርጓሚ አልጠበቅሁም። ራሴ ወደ ዶክቶራዋ ዞርኩና በማውቃት በዚያች በገበያ ዓረቢኛዬ «አግጠዒ» አልኳት። ቁረጪው ማለት ነው።

«እማ!» አለች ልጄ። «ሉካንዳ ገባሽ እንዴ? ቀስ በዪ እንጂ!»

ዶክቶራዋ ሳቀች። ልጄም እያለቀሰች ሳቀች። እኔ ደህናውን እጇን ያዝኩና፣ ቢላው እስኪመጣ ድረስ አብሬያት ተንቀጠቀጥኩ።